«ግቡ፣ ይይዛችኋል»፦ የሐዋሳ ሐይቅ ጀልባ ስንት ሰው ነው የሚይዘው?

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሐዋሳ። ስድስት ሆነን ሐይቁ ዳር ደርሰናል። ዓሣችንን በልተናል፣ ፀሐዩ ደስ ይላል፣ የቀረን ጀልባ ብቻ ነው። ከመነሻዎቹ በአንዱ ዋጋ ጠየቅን፣ ውድ ሆነብን፣ መከራከር ጀመርን። የጀልባው ልጅ ትንሽ አሰብ አደረገና «እሺ፣ በዚህ ዋጋ ከሆነ ግን ሌላ ሰው እጨምራለሁ» አለን። ተስማማን። አንድ ቤተሰብ ከነልጆቹ መጣ። ቀጥሎ ሁለት ፍቅረኛሞች። መጨረሻ ላይ እየሮጠ የደረሰ አንድ ወጣት። «ግቡ፣ ይይዛችኋል!» ገባን።

ብርቱካናማዎቹ ላይፍ ጃኬቶች ነበሩ፣ አልጠፉም። ያሉት ግን መቀመጫ ሥር ነው። አንዳንዶቻችን እንደ ነጠላ ትከሻችን ላይ ጣል አደረግነው፤ ሌሎቻችን ሽታው አስጠላንና እዚያው ተውነው። ጉማሬዎቹ ጋ ስንደርስ አንድ ሰው «ያውና! ያውና!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ስልኩን ይዞ ወደ አንድ ጎን ተነሣ። ጀልባው አጋደለ። ውሃ ገባ፤ ብዙ አይደለም፣ ጫማ የሚያርስ ያህል ነው። ነጂው ተቆጣን፣ ተቀመጥን፣ ተሳሳቅን፣ ቪዲዮውንም ለቀቅነው።

ምንም አልሆነም።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈውም ለዚሁ ነው። ምንም ስላልሆነ ማንም አልተጠየቀም። ልጁ ነገም እንደዚያው ይጭናል፣ እኛም በሚቀጥለው ጉዟችን እንደዚያው እንከራከራለን። ጀልባ ላይ «ምንም አይሆንም» የሚባለው ቃል እውነት ሆኖ የሚቆየው ደግሞ እስከሚሆንበት ቀን ድረስ ብቻ ነው።

ስለ ጀልባ ደኅንነት ወሬ ሲነሣ ክርክሩ ሁልጊዜ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ወገን «ይታገዱ፣ ይታሸጉ፣ ሰው ሊያስጨርሱ ነው» ይላል። ሌላው «ወጣቱ ተደራጅቶ እንጀራውን እየበላ ነው፣ በሕግ ስም አታስርቡት» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን አንድ ነገር አይነኩም፤ እሱም አከፋፈሉ ነው።

ነገሩን ከነጂው በኩል እንየው። ጉማሬዎቹ ጋ ደርሶ ለመመለስ የሚያስፈልገው ነዳጅ ስድስት ሰው ቢጭንም አሥራ ሁለት ቢጭንም ብዙም አይለያይም። ስለዚህ ወጪውን ከሸፈነ በኋላ የሚገባው እያንዳንዱ ሰው ንጹሕ ትርፍ ነው። ሥራው ደግሞ ቅዳሜና እሑድ፣ ሲሻል የበዓል ሰሞን እንጂ የአዘቦት ቀን አይደለም። ሞተሩም መለዋወጫውም ላይፍ ጃኬቱም ከውጭ የሚመጣ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ስልክ ለመቀየር ያሰበ ሁሉ ያውቀዋል። አሁን ከእኛ በኩል እንየው። እኛ የምንፈልገው ርካሽ ነገር ነው። በጀልባው ላይ ሰው በተጨመረ ቁጥር የየራሳችን ድርሻ ይቀንሳል።

ስለዚህ ትርፍ መጫን የአንድ ስግብግብ ነጂ ጥፋት ብቻ አይደለም። እኛና እሱ ውሃው ዳር ቆመን፣ ተሳስቀን የምንዋዋለው ውል ነው። ሁለታችንም ከተጠቀምንበት ማን ያፈርሰዋል?

«ታክሲ ውስጥስ ትርፍ እንጫን የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እየተባልን ነው ያደግነው። ግን ሚኒባስ ትርፍ ሲጭን የሚሆነው እግራችን መደንዘዙ ነው (አደጋ ካልደረሰ በስተቀር)። መሬቱ ከሥር ይሸከመዋል። ጀልባ ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው ጀልባውን ትንሽ ወደ ታች ይሰደዋል፤ ከውሃው በላይ የቀረው ጠርዝ ያጥራል። ባዶው ጀልባ ላይ ጠርዙ ጋ የማይደርስ ሞገድ ሙሉው ጀልባ ውስጥ ይገባል።

ሌላው ደግሞ ከፍታ ነው። ጀልባ ቀጥ ብሎ የሚቆየው ክብደቱ ዝቅ ብሎ ስላለ ነው። ሰው ሲቆም ክብደቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። አሥር ሰው አንድ ላይ ሲነሣ ጀልባው አናቱ ላይ እንደከበደ ነገር ይሆናል፤ ትንሽ ነገር ይገፋዋል። ከዚያ ሁሉም ወደ ጉማሬው ጎን ይጠጋል። ውሃ ትንሽ ከገባ ደግሞ ባሰ። ሳፋ ሙሉ ውሃ ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ? ትንሽ ካዘነበለ ውሃው በሙሉ ወደዚያው ጎን ይሮጥና ጭራሽ ከእጅ ያስጥላል። ጀልባ ወለል ላይ ያለ ውሃም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እኛ የሳቅንባት ያቺ ጫማ የምታርስ ውሃ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ንድፈ ሐሳብ ነው ካላችሁ፣ ወደ አሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት እንውሰዳችሁ። እዚያ ሌክ ጆርጅ የሚባል ሐይቅ አለ፤ በበጋ ከጀልባ ብዛት የሚጨናነቅ፣ ሰው ለመዝናናት የሚጎርፍበት። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 2005 ኢታን አለን የምትባል የጉብኝት ጀልባ 47 መንገደኞችንና አንድ ነጂ ይዛ ወጣች። አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ጀልባዋ ፈቃድ ነበራት፤ የተፈቀደላትም 50 ሰው ነው። በወረቀት ከሄድን ትርፍ አልጫነችም።

ግን ተገለበጠች። 20 ሰው ሞተ።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርምሮ ያገኘው ነገር ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። 50 የሚለው ቁጥር የተሠላው አንድ ሰው በአማካይ 140 ፓውንድ፣ ማለትም 63 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል ተብሎ ነው። ያን ቀን ጀልባዋ ላይ የነበሩት ሰዎች አማካይ ክብደት ግን 178 ፓውንድ፣ ወደ 81 ኪሎ ነበር። በዚያ ላይ ጀልባዋ ከተሠራች በኋላ የላይኛው ጣሪያዋ በከባድ እንጨት ተቀይሯል፤ ሚዛኗ ግን እንደገና አልተለካም። መርማሪዎቹ ሲያሰሉት ጀልባዋ መጫን የነበረባት 50 ሳይሆን 14 ሰው ነው። አሥራ አራት! ያን ቀን ከጎን ሞገድ መጣ፣ ነጂው በኃይል ጠመዘዘ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሳይፈልጉ ወደ አንድ ጎን ተንሸራተቱ፣ አለቀ። ላይፍ ጃኬት ያደረገ አንድም ሰው አልነበረም። ያቺ ጀልባ ከዚያ በፊት ለዓመታት ሰው ጭና ተመላልሳለች። ምንም ሳይሆን።

ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ የመንገደኛ ጀልባ ሲመዘን የሚታሰበውን የአንድ ሰው አማካይ ክብደት ወደ 185 ፓውንድ፣ 84 ኪሎ ገደማ፣ ከፍ አደረገው።

ይህን ካነበብን በኋላ ሐዋሳ ተመልሰን ሐይቁ ዳር ያሉ ነጂዎችን «ስንት ሰው ይይዛል?» እያልን መጠየቅ ጀመርን። ዓይናችን ልዩነት ለማያገኝባቸው ጀልባዎች የተለያየ ቁጥር ነገሩን። አንዱ ግን ፈገግ ብሎ «እንደ ሰዉ ነዋ፤ እንደናንተ ቀጫጭን ከሆነ ይጨመራል» አለን። ሳቅን። በኋላ ስናስበው ግን ከሁሉም ትክክለኛውን ነገር የተናገረው እሱ ነው። ጀልባ የሚቆጥረው ሰው አይደለም፣ ኪሎ ነው። ችግሩ ኪሎውን በዓይን የሚገምተው ቀጫጭኖቹን ቢጨምር የሚያተርፈው ሰው ራሱ መሆኑ ነው።

ወደ ጎረቤት ደግሞ እንሂድ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 2018፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ኡጋንዳ ውስጥ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ሙዚቃ የከፈተች የፓርቲ ጀልባ ሰጠመች። ከ30 በላይ ሰው አለቀ። ባለሥልጣናቱ እንደተናገሩት ጀልባዋ ከአቅሟ በላይ ጭናለች፣ ፈቃድም አልነበራትም። ለመዝናናት የወጡ ሰዎች ነበሩ። እንደ እኛ።

ሁለቱን አደጋዎች ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው አንዷ ሕግ ያላከበረች፣ ሌላዋ ደግሞ ወረቀቷ የተሟላ ናት። ስለዚህ «ፈቃድ ይኑራቸው» ማለት ጥያቄውን አይዘጋውም። ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማን አሰላው? ጀልባው ላይ ጣሪያ ወይም ሁለተኛ ፎቅ ከተጨመረ በኋላ እንደገና ተለክቷል? ጥያቄው እዚህ ነው።

«እኛ አገር ሕግ የለም እንዴ?» አለ። ወደብ የሌላት አገር ማሪታይም ባለሥልጣን ምን ያደርግላታል የሚለውን ቀልድ ሰምታችሁ ይሆናል። ከመልሶቹ አንዱ እነዚህ ሐይቆች ናቸው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 549 ዛሬ የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን የምንለውን ተቋም የመሠረተ ነው፤ የሚመለከተውም ባሕር ላይ ያለ መርከብ ብቻ ሳይሆን አገር ውስጥ ውሃ ላይ የሚሠራው ትራንስፖርት ጭምር ነው። በፌዴራል ደረጃ ባለቤት አለው ማለት ነው። ግን ሐይቁ ዳር ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ቆሞ «አንተ፣ አንድ ሰው አውርድ» የሚለው ማን ነው? የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ሩቅ ነው። ከተማው አለ፣ ክልሉ አለ፣ ፖሊስ አለ፣ የጀልባ ማኅበራት አሉ። በዚያ ላይ የሐይቁ አንዱ ዳር ሲዳማ፣ ሌላው ዳር ኦሮሚያ ነው፤ ውሃው ላይ ደግሞ መስመር አልተሰመረም። ባለቤቱ የበዛ ነገር መጨረሻው ምን እንደሚሆን እናውቃለን።

አሁን ስለ ላይፍ ጃኬት። እዚህ ላይ ጠንከር ብለን እንናገራለን፤ ምክንያቱም ይህኛው ነገር በእጃችን ያለ ነው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በየዓመቱ ከመዝናኛ ጀልባ አደጋ ቁጥሮች ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 መረጃው መሠረት በእነዚህ አደጋዎች ሰምጠው ከሞቱት ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ጃኬት አላደረጉም ነበር። ብዙ ሰው «ሲገለበጥ አነሣዋለሁ» ብሎ ያስባል። ጀልባው ሲገለበጥ ግን መቀመጫ ሥር የነበረው ጃኬት ከተገለበጠው ጀልባ ሥር ነው የሚሆነው። ኢታን አለን ላይ የነበሩትም ለማድረግ ጊዜ አላገኙም።

«ዋና እችላለሁ» የሚለውም አያዋጣም። ዋና የምትችሉት ፑል ውስጥ፣ በዋና ልብስ፣ ተዘጋጅታችሁ ስትገቡ ነው። ጂንስና ስኒከር ለብሳችሁ፣ ደንግጣችሁ፣ አጠገባችሁ ያለ ሰው አንገታችሁን ይዞ ሲጎትታችሁ ሌላ ነገር ነው። የሚሰጥም ሰው ደግሞ እንደ ፊልም እጁን እያወዛወዘ አይጮኽም። አፉ ከውሃ በላይ የሚቆይበት ጊዜ ለመተንፈስ እንኳን አይበቃም፤ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሄደው።

ጃኬቱን ትከሻ ላይ መጣልም ማድረግ አይደለም። ያልታሰረ ጃኬት ውሃ ሲያገኝ እሱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ እናንተ ከውስጡ ወደ ታች ታመልጣላችሁ። ቁልፉን ቆልፉ፣ ገመዱን ሳቡ፣ ከዚያ አንድ ሰው ትከሻችሁ ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። አገጫችሁን አልፎ ከወጣ ልክ አይደለም። ለልጅ የአዋቂ ጃኬት አይሆንም፣ ሾልኮ ይወጣል። ያን ቀን አብሮን የተሳፈረው ቤተሰብ ትንሿ ልጅ ያደረገችው ጃኬት እስከ ጉልበቷ ይደርስ ነበር። ቆንጆ መስላን ፎቶ አነሣናት። አሁን ፎቶውን ስናየው ደስ አይለንም።

ሽታውስ? እውነት ነው፣ ይሸታል። ብዙ ሰው የለበሰውና በደንብ ሳይደርቅ የተቆለለ ነገር ምን ይሸታል? ይህ ግን በፀሐይና በሳሙና የሚፈታ ችግር ነው። ማኅበራቱ ይህን ብቻ ቢያስተካክሉ የሚያደርገው ሰው ቁጥር እንደሚጨምር አንጠራጠርም።

ሌሎች ነገሮችም አሉ፣ ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። ንፋስ፦ ጠዋት መስታወት የመሰለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ሊናወጥ ይችላል። ሐዋሳ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ነው፣ ንፋስ ሞገድ የሚሠራበት ሜዳ አያጣም። ጥልቅ ቦታው ደግሞ ከ20 ሜትር ያልፋል። ቢራ፦ ሁለት ጃምቦ ጠጥቶ ጀልባ ላይ መቆም ሚዛን ያሳጣል፤ የሚነዳው ሰው ከጠጣ ደግሞ አትሳፈሩ፣ በቃ። ጉማሬ፦ አፉን በሰፊው ሲከፍት እያዛጋ አይደለም፣ እያስጠነቀቀ ሊሆን ይችላል። ግልገል ካለች ደግሞ እናትየዋ ቀልድ አታውቅም። ነጂውን «ጠጋ በልልን» እያሉ ጉርሻ ማሳየት ለእሱም ፈተና ነው። የሞተር ገመድ፦ ብዙ ሞተሮች ላይ ከነጂው ጋር የሚታሰር ቀይ ገመድ አለ፤ ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩን ያጠፋዋል። አሜሪካ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 2021 ወዲህ ትናንሽ የሞተር ጀልባዎች ላይ ይህን ገመድ መጠቀም ግዴታ ሆኗል። እኛ ያየናቸው አንዳንድ ጀልባዎች ላይ ገመዱ አለ፣ ግን ሞተሩ ላይ ተጠምጥሞ ነው የተቀመጠው።

ፍጥነት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። ሐይቁ ዳር ልጆች ይዋኛሉ፣ ዓሣ አስጋሪዎች በትንንሽ ጀልባ መረብ ይጥላሉ። የሞተር ጀልባ በፍጥነት ሲያልፍ የሚተወው ሞገድ እነሱን ነው የሚንጣቸው። ኒውዮርክ ውስጥ ከዳር እስከ 30 ሜትር ገደማ ባለው ውሃ ላይ ጀልባ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አይችልም። ይህ የቀስታ ሩጫ ማለት ነው። ለእንዲህ ያለ ደንብ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ውሃው ላይ ጥቂት ቢጫ ጀሪካን በገመድ አስሮ ማንሳፈፍ ይበቃል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የእኛ ሐሳብ ይህ ነው፣ ብትከራከሩበት ደስ ይለናል። አንደኛ ነገር፣ ቁጥሩ ጀልባው ጎን ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ የሚጽፈው ግን ባለጀልባው ሳይሆን ጀልባውን የለካ ባለሙያ ይሁን። ከዚያ መነሻው ላይ እንደ ታክሲ ተራ ደብተር ይዞ የሚቆጥር ሰው ይቁም። ይህ ሰው ደመወዙ በተሳፋሪ ብዛት የሚጨምር መሆን የለበትም፤ ቁልፉ ነገር ይሄ ነው። የራሱን ገቢ የሚቀንስ ቁጥር እንዲያስከብር ነጂውን ብቻ መጠበቅ የዋህነት ነው። ዋጋውም በጀልባ ሳይሆን በወንበር የተቆረጠና የተለጠፈ ይሁን። የተለጠፈ ዋጋ ላይ ክርክር የለም፣ ክርክር ከሌለ «ሌላ ሰው እጨምራለሁ» የለም።

ይህ ሲሆን ጀልባው ይወደዳል። እንዋሽ አይደለም። ለተማሪና ለእንደኛ ዓይነቱ ኪሱ ለሳሳ ሰው ይከብዳል፤ ምናልባት በወር አንድ ጊዜ የሚሄደው በሦስት ወር አንዴ ይሄዳል። ነጂዎቹም በተለይ እንደ ፍቼ ጫምባላላ ሰው ከተማውን በሚሞላበት ሰሞን የሚያጡት ገቢ ቀላል አይደለም። ማኅበራቱ ጃኬትና ሞተር ሲያስገቡ ቀረጥ ቢቀነስላቸው ሸክሙን ማካፈል ይቻላል ብለን እናስባለን። ማገድ ግን መፍትሔ አይመስለንም። የታገደ ጀልባ ከመነሻው ይጠፋል እንጂ ከሐይቁ አይጠፋም፤ ማንም በማይቆጥርበት ጥግ ይጭናል።

ባለፈው እሑድ እንደገና ሄድን። አምስት ነበርን። ዋጋ ሲነገረን ዝም ብለን ከፈልን፤ አንዷ ጓደኛችን «ታመማችሁ እንዴ?» አለችን። ከዚያ ነጂውን «ወንድሜ፣ ሌላ ሰው አትጨምርብን፣ ጃኬት ደግሞ ለሁላችንም አምጣልን» አልነው። ግራ ተጋባ። አንደኛው ጃኬት ቁልፉ ተሰብሮ ነበር፤ ሄዶ ከጓደኛው ጀልባ ሌላ ይዞ መጣ። ሁላችንም ቆለፍን። ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል አየት አደረገንና፣ ከመቀመጫው ሥር አንድ አሮጌ ጃኬት መዝዞ ራሱም ለበሰ።